በጅማ ከተማ የአብያተ ክርስቲያናት የችግረኞች ድጋፍ

በጅማ ያሉ አብያተ ክርስቲያናት ለተቸገሩ ሰዎች የሚሰጡት ድጋፍ በአመዛኙ የሚጀምረው ከደጃቸው ነው። የወር በዓል ዝክር፣ የእሑድ ሰንበቴ፣ የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች የሚሰበስቡት ልብስ፣ ሰበካ ጉባኤ ለአቅመ ደካሞች የሚቆርጠው ድጎማ፣ በወንጌላውያኑ ዘንድ ደግሞ በፕሮጀክት የሚመራ የሕፃናት ድጋፍ በዚሁ ይጠቃለላሉ።

ከተማዋ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምዕራብ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። በ1999ኙ ቆጠራ ነዋሪዋ ከ120 ሺህ በላይ ነበር፤ ከዚህ ውስጥ ኦርቶዶክሱ ወደ ግማሽ ሲጠጋ፣ የቀረው በአብዛኛው ሙስሊምና ፕሮቴስታንት ነው። ከከተማዋ ወጣ ሲባል ግን የጅማ ዞን ሕዝብ አብዛኛው ሙስሊም ነው። ከገጠር ተቸግሮ የመጣ ሰው በበዓል ቀን በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ጥግ ሲቀመጥ ሃይማኖቱን የሚጠይቀው የለም፤ አርብ ደግሞ መስጊድ በር ላይ ይገኛል። በእኔ እይታ ይህ ጅማ ካሏት መልካም ልማዶች አንዱ ነው፤ ከዚያው ዳቦ ለሁሉም ይቆረሳል።

የአሠራሩን ጠባይ ለመረዳት ወደ ኋላ ሄድ ማለት ያስፈልጋል። የጅማው ንጉሥ ዳግማዊ አባ ጅፋር ለምኒልክ ገብረው የውስጥ አስተዳደራቸውን ይዘው በመቆየታቸው፣ በከተማዋ አብያተ ክርስቲያናት የተስፋፉት ከሰሜኑ ጋር ሲነጻጸር ዘግይተው ነው። ነጋዴው፣ ወታደሩና የመንግሥት ሠራተኛው እየበዛ ሲሄድ ምእመኑም በዛ። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ሲሆን ደግሞ በመላው አገሪቱ ቤተ ክርስቲያን ከመሬት የምታገኘው ገቢ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ካህኑም ነዳያኑም የሚኖሩት ምእመኑ በሚያወጣው አሥራት፣ በኵራት፣ ስለትና በሙዳየ ምጽዋት በሚገባው ገንዘብ ነው። ጅማ ላይ ይህ ማለት በቡና ማለት ነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው የለቀማና የሽያጭ ወራት ስለት ይገባል፣ ዝክሩም ይደምቃል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ኪስ ይሳሳል። ዝናቡ ግን በረንዳ ላይ ለሚያድረው ሰው የሚከፋው ያን ጊዜ ነው።

በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ዘንድ መሠረቱ ሰንበቴና የጽዋ ማኅበር ነው። አባላቱ ተራ ገብተው ዳቦውን ይጋግራሉ፣ ጠላውን ይጠምቃሉ፣ ንፍሮውን ይቀቅላሉ። ቅዳሴ ሲያልቅ መሶቡና እንስራው ወደ ሰንበቴ ቤት ይገባል፣ ካህኑ ይባርካል፣ ከዚያ ለአባላትም ለነዳያንም ይታደላል። በ12 ለሚካኤል፣ በ19 ለገብርኤል፣ በ21 ለማርያም፣ በ27 ለመድኃኔ ዓለም እየተባለ ወሩን ሙሉ ይዞራል። ከውጭ ለሚያየው የድግስ ነገር ይመስላል። አንዲት ባልቴት ግን ከደጃፉ ተቀብላ ግማሹን በነጠላዋ ጫፍ የምትቋጥረው ለማታ ነው።

የዚህ ሥርዓት ድካሙም እዚሁ ላይ ነው። ለማርያም የጠገበ ሰው በ22 የሚያየው ባዶ ደጅ ነው። ይህን ክፍተት ለመሸፈን የሚሠራው የሰበካ ጉባኤው የልማትና በጎ አድራጎት ክፍል ነው። አጥቢያዎች የሚተዳደሩበት ቃለ ዐዋዲ ሰበካ ጉባኤውን የሚያቋቁመው ካህናትን፣ ምእመናንንና የሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶችን አንድ ላይ አድርጎ በመሆኑ፣ ማን ጧሪ ቀባሪ እንደሌለው የሚያውቅ ሰው ከጉባኤው አይጠፋም። የንስሐ አባቶች ቤት ለቤት ስለሚገቡ ደጅ ወጥቶ ለመለመን የሚያፍረውን ሰው ቀድመው የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው የቤት ኪራይ ወይም አንድ ኩንታል እህል ስሙ በዐውደ ምሕረት ሳይጠራ ቢደርሰው ይሻላል።

በአገር አቀፍ ደረጃ ቤተ ክርስቲያኒቱ በ1964 ዓ.ም. ያቋቋመችው የልማትና ክርስቲያናዊ ተራድኦ ኮሚሽን የውኃ፣ የግብርና፣ የጤናና የስደተኞች ሥራ ይሠራል። በዚያው ዓመት የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ለሉተራን ዓለም ፌደሬሽን በጻፈችው ደብዳቤ የሰውን ነፍስና ሥጋ ለይቶ ማገልገል ስሕተት መሆኑን አስታውቃለች፤ በጊዜው ዋና ጸሐፊዋ ጉዲና ቱምሳ ነበሩ። የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ዛሬም በቅጥራቸው የሕፃናት ፕሮጀክት የሚያካሂዱት በዚህ መንፈስ ነው። ልጆቹ ከትምህርት ሰዓት ውጭ መጥተው ይማራሉ፣ ይመገባሉ፣ የጤና ክትትል ያገኛሉ። የካቶሊኩ አገልግሎት በጅማ ቦንጋ ሐዋርያዊ ቪካሪየት ሥር ሲሆን፣ ሕዝቡ በአጭሩ «ማዘር ቴሬዛ» የሚለው የካቶሊክ መነኮሳት ቤትም ጠያቂ የሌላቸውን ሕሙማን ይቀበላል።

የጅማን አገልግሎት ከሌላ ከተማ የሚለየው ሆስፒታሉ ነው። በ1930 ዓ.ም. በጣሊያን ጊዜ የተመሠረተውና ዛሬ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማእከል የሚባለው ተቋም ለደቡብ ምዕራቡ አገር በሽተኛ ሁሉ ዋናው የሪፈር መድረሻ ነው። ከከፋ፣ ከዳውሮ፣ ከሸካ፣ ከኢሉ አባ ቦር፣ ከጋምቤላ ሪፈር ተጽፎለት የሚመጣ ሰው ብቻውን አይመጣም። አስታማሚ ይከተለዋል። በሽተኛው አልጋ ያገኛል፤ አስታማሚው ግን አንድ ጋቢና አንድ ፔስታል ይዞ ጥላ ፍለጋ ግቢውን ይዞራል። ለሦስት ቀን ብሎ የመጣው ሦስት ሳምንት ሲሆንበት በመጀመሪያ የሚያልቀው የምግቡ ገንዘብ ነው። ቀጥሎ መድኃኒት ከውጭ የሚገዛ ከሆነ እጁ ያጥራል።

«ታምሜ ጠይቃችሁኛልና» የሚለውን ቃል ይዘው ቅዳሜና እሑድ ወደ ክፍሎቹ የሚገቡ የሰንበት ትምህርት ቤት አባላትና የግቢ ጉባኤ (የዩኒቨርሲቲ ኦርቶዶክሳውያን ኅብረት) ተማሪዎች ሙዝ፣ ዳቦ፣ ሳሙና ይዘው ይመጣሉ። መድኃኒት ቤት ሄደው የሐኪሙን ማዘዣ ያስሞላሉ፣ ደም ሲያስፈልግ ይለግሳሉ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ቋንቋ ይመስለኛል። አማርኛም ኦሮምኛም የማይሰማ የዳውሮ ሽማግሌ አልጋ አጠገብ የአገሩን ቋንቋ የሚናገር አንድ ተማሪ ሲቆም፣ ሰውየው ስለ ሕመሙ ከመናገሩ በፊት ከየትኛው ቀበሌ ነህ ብሎ ይጠይቀዋል።

ሕጉን በተመለከተ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የሃይማኖት ተቋማትን አይመለከትም፤ ቤተ እምነቶች ለበጎ አድራጎት ብለው የሚያቋቁሙት ድርጅት ግን በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ይመዘገባል። አብዛኛው የአጥቢያ ዕርዳታ ግን በደረሰኝና በመዝገብ ብቻ ይካሄዳል። ገንዘብ ያዡ፣ ሒሳብ ሹሙና ሰብሳቢው ፈርመው ለጉባኤው በወቅቱ ሪፖርት ሲያቀርቡ ሰጪው ይበረታል። ሪፖርቱ ሲዘገይ ሙዳየ ምጽዋቱም ይቀላል።

ከጳጉሜን እስከ መስከረም ደብተርና እስክሪብቶ ይሰበሰባል። በዐቢይ ጾም ለቁርስ ሊወጣ የነበረው ተጠራቅሞ ለፋሲካ ዘይትና ዱቄት ይሆናል። ዓመቱን ሙሉ ዕቅድ ውስጥ ሳይገባ የሚቀረው፣ ነገር ግን በየሳምንቱ የሚጠየቀው አንድ ወጪ አለ፤ እሱም የመሳፈሪያ ነው። ድኖ የወጣ ሰው መውጫ ወረቀቱን በእጁ ይዞ ወደ ተርጫ ወይም ወደ ቦንጋ የሚሳፈርበት ሲያጣ፣ ከወጣቶቹ አንዱ መናኸሪያ ድረስ አብሮት ሄዶ ትኬቱን ይቆርጥለታል፣ መኪናው እስኪሞላም አብሮት ይቆማል።