ጋቢው የት ይግባ? ስለ ዎክ ኢን ክሎዜት የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አምና መኝታ ቤታችን ጥግ ላይ በጂፕሰም ከፍለን ዎክ ኢን ክሎዜት አሠራን፣ ያው ገብተሽ የምትለብሺበት የልብስ ክፍል ማለት ነው። ከዛ ወዲህ ጓደኛ የለ ጎረቤት የለ ሁሉም «ፎቶ ላኪልኝ» ነው፣ ፎቶው ደሞ ምንም አይጠቅማቸውም። እኔም ጉድ የሆንኩት በፎቶ ነው እኮ። ፒንተረስት ላይ ያየሁትን ለአናጢው አሳየሁት፣ እሱም አንድ ሳያጎድል ያንኑ ሠራልኝ፣ ሲያልቅ ቆሜ ሳየው በደስታ ሰከርኩ፣ ከዛ ጋቢዎቹን ላስገባ ስል መደርደሪያው ጥልቀቱ 30 ሳንቲም ብቻ ሆኖ የጋቢው ግማሽ ወደ ውጪ ተንጠልጥሎ ቀረ። ፎቶው ላይ ጋቢ የለማ! ያለው ቲሸርት ነው፣ ጂንስ ነው፣ ሦስት ባርኔጣ ነው። እኛ ቤት ጋቢ ብቻ ሰባት አለ።

መጨረሻ ላይ አፍርሰን በሌላ አናጢ አሠራነው። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለውን በገንዘቤ የተማርኩት ነው በሉት።

«ቪላ ከሌለሽ አይታሰብም»

ይታሰባል። ሒሳቡ ቀላል ነው፣ መስቀያ ላይ ያለ ልብስ ከነእጅጌው ከ55 እስከ 60 ሳንቲም ጥልቀት ይፈልጋል፣ ሰው ቆሞ ለመዞርና ጎንበስ ብሎ ጫማ ለማንሳት ደሞ 90 ሳንቲም ይመቸዋል፣ በግድ ከሆነ 75ም ይቻላል። ስለዚህ በአንድ ጎን ብቻ ልብስ ካለ 1.50 ሜትር ወርድ በቂ ነው፣ በሁለቱም ጎን ከሆነ 2.10 ይሆናል። የኔ 1.60 በ2.20 ነው፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ።

ሰው የሚረሳው በሩን ነው። ወደ ውስጥ የሚከፈት 80 ሳንቲም በር እንዲህ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ካስገባችሁ መቆሚያውን በላው ማለት ነው። ወይ ወደ ውጪ ይከፈት ወይ ተንሸራታች ይሁን። ሌላው ደሞ ጂፕሰም ግድግዳ ብሎኬት አይደለም፣ ልብስ ሙሉውን የተሸከመ ብረት በተራ ብሎን ብታስሩበት አንድ ቀን ሌሊት ጓ ብሎ ያስነሳችኋል። ወይ ጂፕሰሙ ከመለበዱ በፊት ውስጡ እንጨት ይግባበት፣ ወይ መደርደሪያው ራሱ ወለል ላይ ቆሞ ክብደቱን ይሸከም። የኔ ወለል ላይ ነው የቆመው።

«ከቁምሳጥን የበለጠ ይይዛል»

ይሄን ስናገር ሰው ይናደድብኛል ግን አይይዝም። 2.10 በ2 ሜትር የሆነ ክፍል ወስዳችሁ ግራና ቀኝ ብትሰቅሉ ያገኛችሁት 4 ሜትር መስቀያ ነው፣ የወሰደው ቦታ 4.2 ካሬ። ያው 4 ሜትር ግድግዳ ላይ በልኩ የተሠራ ቁምሳጥን ብታቆሙ 2.4 ካሬ ነው የሚወስደው፣ ምክንያቱም ልብስ ለማውጣት የምትቆሙት መኝታ ቤቱ ውስጥ፣ ድሮም ባለ መተላለፊያ ላይ ነው። ትርፉ 1.8 ካሬ ሰው የሚቆምበት ብቻ ነው፣ ልብስ አይደለም። በካሬ ስንት እንደሚሸጥ እናንተ ታውቃላችሁ።

ታዲያ ለምን አሠራሽ ትሉኛላችሁ። ባለቤቴ ሌሊት 11 ሰዓት ነው ለሥራ የሚወጣው፣ በሩን ዘግቶ መብራት አብርቶ ሲለብስ እኔ እተኛለሁ። መኝታ ቤቱ ደሞ አልጋና ኮመዲኖ ብቻ ሆኖ ሰፋ አለ። ለዚህ ከሆነ አሪፍ ነው። ቦታ ጠቦኝ ነው የምትል ግን ቁምሳጥን እስከ ኮርኒስ ድረስ ታሠራ፣ ትርፋማ ትሆናለች።

ሦስቱንም ግድግዳ ዙሪያውን እንሙላው የሚሉም አሉ። ሁለቱ ጥጎች ላይ ልብስ ከልብስ ይጋጭና እዛ የተሰቀለውን ለማውጣት ሌላውን ሁሉ መግፋት ነው። ጥጉን ለሻንጣ ተዉት ወይ የኋላውን ግድግዳ 35 ሳንቲም ጥልቀት ያለው የጫማ መደርደሪያ አድርጉት።

«ልብስ ሁሉ መሰቀል አለበት»

እዚህ ጋ ነው የኛ ቤትና የፎቶው ቤት የሚለያየው። ሸሚዝ፣ ኮት፣ ሱሪ ይሰቀል፣ እሺ። የሐበሻ ቀሚስ ግን፣ በተለይ ጥበቡ ከደረት እስከ ታች የወረደው ከባዱ፣ ለወራት ቀጭን መስቀያ ላይ ከዋለ ትከሻው ይሳባል፣ ጥበቡ ያለበት ቦታ ወደ ታች እየጎተተ ሸማውን ያዛባዋል። እኔ የመልሴን ቀሚስ እንደዛ ነው ያበላሸሁት፣ ትከሻው ላይ የመስቀያው ጫፍ ጉብ ብሎ ቀረ፣ ተተኮሰ፣ ታጠበ፣ አልጠፋም። እናቴ ግን የሷን በአቡጀዲ ጠቅልላ ሳጥን ውስጥ አስተኝታው ከኔ ዕድሜ በላይ ቆይቷል፣ በየጊዜው አውጥታ እጥፋቱን ትቀይረዋለች፣ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ታጥፎ ከኖረ ክሩ እዛው ላይ ስለሚሰበር ነው። ይሄ የእናቴ ብልሃት ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ ሙዚየሞችም የድሮ ከባድ ልብስ አይሰቅሉም፣ ያስተኛሉ።

ስለዚህ ለሐበሻ ልብስ ሰፊ መሳቢያ ወይ ጥልቅ መደርደሪያ ያስፈልጋል። ጋቢ አራት እጥፍ ጥጥ ነው፣ አጥፋችሁት 30 ሳንቲም ላይ አይገባም፣ ከ45 እስከ 50 ጥልቀት ስጡት፣ ከፍታውንም ሁለት ሦስት ጋቢ ብቻ እንዲደራረብ አድርጉት፣ ሰባት ከደረባችሁ የታችኛውን ስትመዙ ሁሉም ይናዳል። ነጠላ ትንሽ መሳቢያ ይበቃታል። የሰርግ ካባ ካለ ደሞ እሱን መስቀል ይቻላል ግን ትከሻው ወፍራም የሆነ የእንጨት መስቀያ ላይ ብቻ።

ለረጅም ልብስ ከትከሻ እስከ ቁርጭምጭሚት 1.50 ሜትር ያህል ክፍት ቦታ ተዉ፣ 50 ሳንቲም ወርድ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ቀሪውን ላይና ታች ሁለት ብረት አድርጉት፣ ላይ ሸሚዝ ታች ሱሪ፣ ቦታው እጥፍ ይሆናል። ቨርጂኒያ ያለችው እህቴ ቤቱ ሲሠራ ዎክ ኢን ክሎዜቱ አብሮ የመጣላት ናት፣ መደርደሪያው ነጭ የሽቦ ነው፣ ከአዲስ አበባ የላክንላት ጋቢ ላይ እንደ ደብተር መስመር ሠርቶበታል። ካርቶን ቆርጣ አነጠፈችበት።

«ብል እንዳይገባ ናፍታሊን፣ አቧራ እንዳይነካው ላስቲክ»

ሁለቱም ላይ ጥያቄ አለኝ።

ብል ሲባል ሰው የምትበረዋን ቢራቢሮ መሳይ ነው የሚያሳድደው። እሷ አትበላም፣ የምትበላበት አፍ የላትም፣ ልብስ የሚበላው ከእንቁላሏ የሚፈለፈለው ትል ነው። ትሉ የሚፈልገው ደሞ ሱፍና ሐር ነው፣ የእንስሳ ነገር። ንፁህ ጥጥ እምብዛም አይነካም፣ ላብ ወይ ወጥ የነካው ከሆነ ግን ይሞክረዋል። ስለዚህ ለጋቢና ለነጠላ ትልቁ መድኃኒት አጥቦ በደንብ አድርቆ ማስገባት ነው። የሱፍ ኮታችሁ ውስጥ ትል ካያችሁ በላስቲክ ጠቅልላችሁ ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ በሚሆን ፍሪዘር ውስጥ ሁለት ሳምንት አቆዩት፣ ይሞታል። እስካሁን ላስቲክ የምፈቅደው ለዚህ ብቻ ነው።

ናፍታሊን ይሠራል፣ አልክድም፣ ግን መርዝ ነው። የምትተኙበት ክፍል ውስጥ ስታስቀምጡት ተኑን እናንተም ትስቡታላችሁ፣ የአውሮፓ ኅብረት ገበያው ላይ እንዳይሸጥ ከልክሎታል። ጨቅላ ሕፃን ያለበት ቤት በጭራሽ፣ አንዳንድ ልጆች ላይ ቀይ የደም ሕዋስ ይሰብራል፣ በተለይ በናፍታሊን የቆየ ብርድ ልብስ ሳይታጠብ አውጥቶ ሕፃን መጠቅለል አደገኛ ነው።

«እሺ ጽድ እናድርግበት፣ አሜሪካኖች ሲዳር ይላሉ አይደል» ላላችሁ፣ ያ ሲዳር የሚሉት የክሎዜት እንጨት በዝርያ የኛ ጽድ የአጎት ልጅ ነው፣ በውሸት ሲዳር ተባለ እንጂ። ሽታው አሪፍ ነው፣ ብል ላይ ያለው ጉልበት ግን ደካማ ነው፣ ዘይቱ እየተነነ ሲሄድ እሱም ያልቃል። በየዓመቱ በብርጭቆ ወረቀት ፈተግ ፈተግ ብታደርጉት ሽታው ይመለሳል። እኔ ለሽታው ብዬ አንድ መደርደሪያ ብቻ አድርጌያለሁ።

የላውንደሪ ላስቲክ ደሞ ቤት ሲደርስ ወዲያው ይውለቅ። ውስጡ የቀረ እርጥበት መውጫ ያጣል፣ ክረምት ላይ ሻጋታ ይሆናል፣ ነጩ ሸማም እየቆየ ቢጫ ይላል። አሮጌ የጥጥ አንሶላ ይሻላል፣ ያው የእናቴ አቡጀዲ።

«ኤምዲኤፍ ነው፣ ዕድሜ ልክ ያገለግላል»

ኤምዲኤፍም (ከደቀቀ የእንጨት ክር ተጨምቆ የሚሠራው ሰሌዳ) ቺፕውድም (ከእንጨት ፍርፋሪ የሚሠራው) ውሃ ሲነካቸው ያብጣሉ፣ አንዴ ካበጡ አይመለሱም። ኤምዲኤፍ ለቀለምና ለቅርፅ ይመቻል፣ ሜላሚን፣ ያው ልሙጡን ሽፋን፣ የለበሰ ቺፕውድ ይረክሳል፣ ልዩነቱ ያን ያህል ነው። ወሳኙ ጠርዙ ነው። ኤጁ፣ ማለትም ጠርዙን የሚሸፍነው ቀጭን ልጣፍ፣ ያልተለጠፈበት፣ በተለይ ማንም የማያየው ከታችና ከኋላ ያለው ጠርዝ፣ ወለል ሲወለወል ውሃ የሚጠጣው በዛ በኩል ነው። የመጀመሪያው አናጢዬ ፊት ለፊቱን ብቻ ለጥፎ ከታች ራቁቱን ተወው፣ ሦስት ወር አልሞላውም እግሩ እንደ ዳቦ ነፋ። አሁን ከወለሉ 8 ሳንቲም ከፍ ብሎ ነው የተቀመጠው።

ሌላው መጉበጥ ነው። 18 ሚሊ ቺፕውድ ከ80 ሳንቲም በላይ ተዘርግቶ ጋቢ ከተጫነበት ሆዱን ይጥላል፣ 60 ላይ አቁሙት።

«ከሻወሩ ጋር ይገናኝ፣ ሆቴል ይመስላል»

ሆቴል ውስጥ የምታድሩት ሁለት ቀን ነው። እናንተ ክረምቱን ሙሉ ከሐምሌ እስከ መስከረም በየቀኑ እንፋሎት ልብስ ላይ ልትለቁ ነው። የግድ ከሆነ መሀል ላይ በር ይኑር፣ ሻወሩ ውስጥ አየር ማውጫ ፋን ይግባ። የውጪ ግድግዳ ላይ ያረፈ መደርደሪያም ከግድግዳው ሁለት ሦስት ሳንቲም ይራቅ፣ አየር ይዙርበት፣ አለዚያ ጀርባው ጥቁር ነጠብጣብ ያወጣል።

በር አልባ ክፍት ክሎዜት የምትወዱ ደሞ፣ ቁሌት የሚቁላላበት ቤት ውስጥ ነው የምትኖሩት። ሌላ አልልም። መስኮት ይኑረው የሚሉም አሉ፣ ፀሐይ በቀጥታ የምታርፍበት ጥበብ ቀለሙ ይለቃል፣ ካለም መጋረጃ። መብራቱ ኤልኢዲ ይሁን፣ የሚሞቅ አምፖል ልብስ አጠገብ እሳት ነው፣ ከኋላችሁ ሳይሆን ከፊታችሁ በኩል ይምጣ፣ አለዚያ የራሳችሁ ጥላ ልብሱ ላይ ያርፍና ጥቁርና ሰማያዊ ካልሲ መለየት አትችሉም። መብራት ለሚጠፋበት ሌሊት አንድ ቻርጅ የሚደረግ አምፖል።

«አናጢው ያውቃል»

አናጢው እንጨት ያውቃል። የኔን ልብስ ከየት ያውቃል? የመጀመሪያውን «ልኩን እንተማመን ወይ?» ስለው «ችግር የለም እህቴ፣ ስንት ሠርቼ» ብሎኝ ነበር። 2.20ዋን ግድግዳ 1.10፣ 50 እና 60 ብለን ከፈልናት፣ ልክ 2.20። የሳንቃው ውፍረትስ? አራት ቋሚ ሳንቃ እያንዳንዱ 1.8 ሳንቲም፣ ከ7 ሳንቲም በላይ ነው፣ ማንም አላሰበውም፣ መጨረሻ ላይ የረጅም ልብሱ ክፍል 43 ሳንቲም ሆኖ ቀረ።

ሁለተኛው አናጢ ሸምገል ያሉ ናቸው። ስልኬን አውጥቼ ፎቶ ላሳያቸው ስል «እሱን ተይው ልጄ፣ ልብሱን አምጪው» አሉኝ። አልጋው ላይ ከመርኩት። ሸሚዙን ለብቻ፣ ረጅሙን ለብቻ፣ የሚታጠፈውን ለብቻ አስለዩኝ፣ የተሰቀለውን አንድ ላይ ገፋ አድርገው በሜትር ለኩ፣ ትልቁን ጋቢ እንደማጥፈው አጥፌ እንዳሳያቸው ጠየቁኝና እሱንም ለኩ። ከዛ «ነይ ግድግዳው ጋ ቁሚ፣ እጅሽን አንሺ» አሉ። እኔ 1.58 ነኝ። ፎቶው ላይ የላይኛው ብረት 2.10 ነበር፣ በየቀኑ በርጩማ ልወጣ ነበር ማለት ነው። እጄ የደረሰበት ላይ በእርሳስ መስመር አሰመሩ፣ ለኩት፣ 1.90፣ የታችኛውን 95 ላይ አደረጉት፣ የኔ ባል ረጅም ነው ብላቸው «እሱ ጎንበስ ይበላ» ብለው ሳቁ። የእርሳሱ መስመር እስካሁን አለ፣ ካባው ኋላ።