«ቻርጅ» ምንድን ነው? የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ደጋፊን የሚያስጮኸው ፊሽካ

የአሜሪካን ኮሌጅ ቅርጫት ኳስ የሚከታተል ሰው ዳኛ ሲረገም ሳይሰማ አያመሽም። እርግማኑ የሚበረታው ደግሞ በአንድ ፊሽካ ላይ ነው። አጥቂው ኳስ እያነጠረ ወደ ቅርጫቱ ይገሰግሳል፤ ተከላካዩ ፊቱ ይደቀናል፤ ይጋጫሉ፤ ተከላካዩ በጀርባው ይወድቃል። ፊሽካው ተነፍቶ አዳራሹ በሙሉ የዳኛውን እጅ ይጠብቃል። ሁለት እጁን ወገቡ ላይ ካደረገ «ብሎክ» ነው፤ ጥፋቱ የተከላካዩ ነው። አንድ እጁን ከጭንቅላቱ ኋላ ከወሰደ «ቻርጅ» ነው፤ ጥፋተኛው አጥቂው ነው፤ ኳሱም ለተጋጣሚ ይሰጣል። በኮሌጅ አንድ ተጫዋች በአምስተኛ ፋውሉ ከጨዋታ ስለሚወጣ (በፕሮፌሽናሎቹ ሊግ በኤንቢኤ በስድስተኛው ነው) የአንዷ እጅ አቅጣጫ የቡድኑን ዋና ተጫዋች ልታሳጣ ትችላለች።

አብዛኛው ደጋፊ ፍርዱን የሚሰጠው «ቆሞ ነበር ወይስ ይንቀሳቀስ ነበር?» ብሎ ነው። «እግሩ ተንቀሳቅሷል እኮ!» የሚል ጩኸት የማይሰማበት ጨዋታ የለም። ሕጉ ግን እንዲህ አይልም። ተከላካዩ መጀመሪያ ሁለት እግሩን መሬት አስረግጦ፣ ደረቱን ወደ አጥቂው አዙሮ ቦታ መያዝ አለበት። አንዴ ከያዘ በኋላ ወደ ጎንም ወደ ኋላም መሄድ፣ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ መዝለልም ይፈቀድለታል። ወደ ፊት ገፍቶ እስካልገባበት ድረስ አጥቂው መጥቶ ደረቱን ከመታው ጥፋቱ የአጥቂው ነው። ስለዚህ ብዙው ጩኸት የሚነሣው ሕጉ ውስጥ ከሌለ ነገር ነው።

ከቅርጫቱ ሥር ያለችው ግማሽ ክብ መስመር ሌላዋ ጣጣ ናት። እ.ኤ.አ. በ2011–12 ስትገባ 3 ጫማ ነበረች፤ በ2015–16 ወደ 4 ጫማ ሰፋች። ጓደኛውን ሊረዳ የመጣ ተከላካይ እዚያ ውስጥ ቆሞ ቻርጅ ማስነፋት አይችልም።

ዋናው ነገር ያለው ግን ሰዓቱ ላይ ነው፤ ተከላካዩ ቦታውን መያዝ ያለበት አጥቂው ምን ሳያደርግ ነው? የወንዶቹ ሕግ መልሱን ደጋግሞ ቀይሮታል። በ2013–14 «አጥቂው ለመወርወር ኳሱን ወደ ላይ ማንሣት ሳይጀምር» ተባለ። በዚያው የውድድር ዘመን፣ የካቲት ውስጥ፣ የሲራክዩዝ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ወደ ዱክ ዩኒቨርሲቲ ሄዶ ሲጫወት 10.4 ሰከንድ ቀርቶ 60 ለ 58 እየተመራ ነበር። የሲራክዩዙ ሲ.ጄ. ፌር ከቅርጫቱ ጀርባ ባለው የሜዳው ጠርዝ መስመር በኩል ሰንጥቆ ገብቶ ከዱኩ ሮድኒ ሁድ ጋር ተጋጨ። ዳኛው ቻርጅ አለ። የሲራክዩዙ አሰልጣኝ ጂም ቤሃይም ኮቱን ለማውለቅ እየታገለ ሜዳ ውስጥ ሮጦ ገባ፤ ሁለት ቴክኒካል ፋውል (የሥነ ምግባር ጥፋት) ተቆጥሮበት ተባረረ፤ ጨዋታው 66 ለ 60 አለቀ። ሰው እስከ ዛሬ ይከራከርበታል። እኔ ደጋግሜ ካየሁት በኋላ በዚያ ዓመት ሕግ ብሎክ ነበር እላለሁ።

ከዚያ ወዲህ መለኪያው አጥቂው መሬት የሚለቅባት ቅጽበት ሆኖ ቆየ። ከ2023–24 ጀምሮ ደግሞ ተከላካዩ አጥቂው ለመዝለል እግሩን ሳይተክል ቦታውን መያዝ አለበት፤ ከዘገየ ብሎክ ነው። ይህ ለውጥ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ። አንድ ጊዜ ከቅርጫቱ ጀርባ ባለው ረድፍ ተቀምጬ ሳይ፣ አንድ ልጅ አየር ላይ እንዳለ ተከላካዩ ከሥሩ ገባበትና ጀርባው እንጨቱን ሲመታ የተሰማው ድምፅ አልረሳኝም። ዘግይቶ ከሥር የሚገባ ተከላካይ መከላከሉን ትቶ ለመውደቅ ነው የመጣው፤ ለዚያ ሽልማት ሊሰጠው አይገባም።

ለዳኛው ግን ሥራው ከበደ። ዳኞች ሲሠለጥኑ በመጀመሪያ የሚነገራቸው ተከላካዩን እንዲያዩ ነው። አሁን የተከላካዩን ደረት፣ ግማሽ ክቧን፣ የአጥቂውንም የተተከለ እግር በአንድ ቅጽበት ማየት አለባቸው። እኛ ቤት ተቀምጠን በዝግታ አምስት ጊዜ የምናየውን እነሱ አንዴ፣ በሩጫ ፍጥነት ነው የሚያዩት። በዚያ ላይ ቋሚ ተቀጣሪዎች አይደሉም፤ በየጨዋታው እየተከፈላቸው፣ ለብዙ ሊጎች እየሠሩ ከከተማ ከተማ ይበራሉ። ድካማቸው በፊሽካቸው ላይ ይታያል የሚለው የደጋፊ ቅሬታ እውነት አለው፤ መቅረብ ያለበት ግን ይህን አሠራር ላቆሙት ሊጎች ነው። በ2017 የኬንታኪ ዩኒቨርሲቲ ቡድን በኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ቡድን 75 ለ 73 ከተሸነፈ በኋላ የሆነው በጣም ያሳዝነኛል። ጨዋታውን ከዳኙት አንዱ ኦማሃ ውስጥ የጣሪያ ሥራ ድርጅት ነበረው፤ በዳኝነቱ የተናደዱ፣ የድርጅቱን አገልግሎት አግኝተው የማያውቁ የኬንታኪ ደጋፊዎች በኢንተርኔት የሐሰት ወቀሳ አዘነቡበት፤ ዛቻም ደረሰው።

ከ2025–26 ጀምሮ በወንዶቹ ጨዋታ አሰልጣኝ በቪዲዮ እንዲታይለት መጠየቅ ይችላል። ሊረዳ የመጣው ተከላካይ ግማሽ ክቧ ውስጥ ነበር ወይስ አልነበረም የሚለው ከሚጠየቁት አንዱ ነው። ቦታውን በጊዜው ይዞ ነበር ወይ የሚለው ግን አሁንም ለዳኛው ዓይን የተተወ ነው።