ገበጣ፦ ባለ 12 እና ባለ 18 ጉድጓድ

ገበጣ ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ተቀምጠው በጉድጓድና በጠጠር የሚጫወቱት ጨዋታ ነው። ዳይስ የለውም፣ ካርታ የለውም። ሁሉም ጠጠር ለሁለቱም ይታያል። የሚያሸንፈው ቀድሞ ያሰላ ሰው ነው።

ስሙን ከገበታ ጋር የሚያምታቱት ብዙ ናቸው። ማዕዱ በ«ታ» ነው፣ ጨዋታው በ«ጣ»።

መጫወቻው ወጪ አይጠይቅም። እረኛ መሬቱን ጫር ጫር አድርጎ ጉድጓድ ያወጣል። ጠጠር ቢያጣ የፍየል በጠጥ ይበቃዋል። በአንዳንድ ቤት ደግሞ ከእንጨት የተፈለፈለ ገበጣ አለ። እኛ ልጆች ሆነን ጉድጓዱን የምንቆፍረው በጣታችን ነበር። ዝናብ ሲዘንብ ይደፈናል፣ በማግስቱ እንደገና ይቆፈራል።

በብዛት የሚታወቁት ሁለት ዓይነቶች ናቸው። ባለ 12 ጉድጓዱ በሁለት ረድፍ ነው፤ ለእያንዳንዱ ተጫዋች 6 ጉድጓድ ይደርሰዋል። በየጉድጓዱ 4 ጠጠር ይገባል፣ በጠቅላላው 48 መሆኑ ነው። ባለ 18 ጉድጓዱ ሦስት ረድፍ አለው። በየጉድጓዱ 3 ጠጠር ስለሚገባ ድምሩ 54 ነው። እዚህ ላይ የመሃሉ ረድፍ ለሁለት ይከፈላል። አንድ ተጫዋች የራሱን 6 እና ከመሃሉ 3፣ በጠቅላላው 9 ጉድጓድ ይይዛል።

አጨዋወቱ ሲነገር ቀላል ነው። ከራስ ጉድጓድ አንዱን ሙሉ በሙሉ ያነሳሉ፣ ከዚያ ጠጠሩን በተከታዮቹ ጉድጓዶች አንድ አንድ እያደረጉ ያድላሉ። የመጨረሻዋ ጠጠር ያረፈችበት ጉድጓድ ባዶ ካልሆነ እዚያ ያለውን ሰብስቦ ማደሉን መቀጠል ነው። ባዶ ላይ ካረፈች ተራው ያልፋል። ክርክር የሚነሳው አበላሉ ላይ ነው። በአንዱ አጨዋወት የመጨረሻዋ ጠጠር 3 ጠጠር ባለበት የባላጋራ ጉድጓድ አርፋ 4 ካደረገችው ጉድጓዱ ይወጋል። ከዚያ በኋላ እዚያ የሚገባው ጠጠር ለወጊው ነው። በሌላ አካባቢ ደንቡ ሌላ ነው። «ላም ወለደች» የሚባልም ዓይነት አለ። ሁለት የተለያየ አገር ሰዎች ከመጀመራቸው በፊት በደንቡ መስማማት አለባቸው፤ አለበለዚያ ጨዋታው በጭቅጭቅ ያልቃል።

ገበጣ በዓለም ላይ ማንካላ ተብሎ ከሚጠራው ትልቅ የጨዋታ ቤተሰብ ይመደባል። ማንካላ የሚለው ስም የመጣው ማንቀሳቀስ ከሚል የዐረብኛ ቃል ነው። የጋናው ኦዋሬ ልክ እንደ ባለ 12ቱ ገበጣ በ48 ፍሬ ይጫወታል። የኡጋንዳው ኦምዌሶና የዛንዚባሩ ባኦ ባለ አራት ረድፍ ናቸው፤ ሁለቱም 64 ፍሬ አላቸው። ሁለት ረድፍ በብዙ አገር አለ፣ አራት ረድፍም በምሥራቅና በደቡብ አፍሪካ ሞልቷል። ባለ ሦስት ረድፉ ግን የአፍሪካ ቀንድ ሀብት ነው። በሌላው ዓለም አይገኝም። ባለ 18ቱን ገበጣ የያዘ ሰው የያዘውን ነገር ዋጋ ማወቅ አለበት።

ስለ ዕድሜው የሚነገረው ብዙ ነው። በኤርትራዋ መጠራ እና በትግራይዋ የሐ የተገኙ የሸክላ ስብርባሪና ድንጋይ ላይ የተፈለፈሉ ጉድጓዶች ከ6ኛው እስከ 7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ ውስጥ የተሠሩ እንደሆኑ ይገመታል። ያ ከሆነ ጨዋታው ከአክሱም ዘመን ጀምሮ አብሮን ኖሯል። በዮርዳኖስ ከዚህ እጅግ የሚቀድም ገበጣ መሰል ነገር ተገኘ የሚሉ አሉ። ነገር ግን ድንጋይ ላይ ጉድጓድ ስለተገኘ ብቻ ጨዋታ ነበር ማለት አይቻልም፣ ስለዚህ ያን ወሬ መቀበል ይከብዳል። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የግዕዝ ጽሑፍ ላይ «ቀርቂስ» የሚባል ጨዋታ ተጠቅሷል። ቃሉ ገበጣንም ሰንጠረዥንም፣ ማለትም የድሮውን የኢትዮጵያ ቼዝ፣ ይመለከታል ይባላል።

መረጃው በደንብ የሚገኘው ከ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወዲህ ነው። ከ1840ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ዋልተር ፕላውደን ስለ ገበጣ ጽፏል። ጽሑፉ የታተመው እሱ ከሞተ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1868 ነው። እ.ኤ.አ. በ1893 ወደ አክሱምና አድዋ የተጓዘው ቴዎዶር ቤንት ደግሞ ባለ 18ቱን አይቶ መዝግቧል። ለአንድ ሰው 9 ጉድጓድ፣ በየጉድጓዱ 3 ጠጠር ይላል። ዛሬ ከምንጫወተው ጋር አንድ ነው። በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ፈረንሳዊው የቋንቋ ምሁር ማርሴል ኮኸን የአገሩን ጨዋታዎች ሲሰበስብ ገበጣን አልዘለለም።

የሁሉም ቁንጮ ግን የሪቻርድ ፓንክረስት ሥራ ነው። ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1963 ስድስት ኪሎ የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የመጀመሪያው ዳይሬክተር ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1971 ስለ ገበጣና ስለ ዘመዶቹ ከ50 ገጽ በላይ የሆነ ጥናት አሳተሙ። ከኢትዮጵያና ከአካባቢዋ ከ100 በላይ አጨዋወቶችን ለቅመው አስቀምጠዋል። ስሙን፣ የጉድጓዱን ብዛት፣ የጠጠሩን ቁጥር፣ አበላሉን አንድ በአንድ ጽፈዋል። በዚያው ዓመት ስለ ኢትዮጵያ ሰንጠረዥም ጽፈዋል። ሰንጠረዡ ዛሬ ከእጃችን ወጥቷል፤ ገበጣው ግን አለ። እኚህ ሰው ያን ጊዜ ባይደክሙ ኖሮ ከእነዚያ አጨዋወቶች ብዙዎቹ ስማቸው እንኳን አይታወቅም ነበር። ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ2017 አርፈው አዲስ አበባ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀብረዋል።

ከፓንክረስት ጥናት በኋላ ያሉት ዓመታት ብዙ አልተጻፈባቸውም።

አሁን ገበጣ ደንብ ከወጣላቸው 11 የባህል ስፖርቶች መካከል ነው። ባለ 12ቱና ባለ 18ቱ ለየብቻ ይቆጠራሉ። አብረዋቸው ገና፣ ትግል፣ ሻህ፣ ኩርቦ፣ ቡብ፣ ሁሩቤ፣ ቀስት፣ ፈረስ ጉግስና ፈረስ ሸርጥ አሉ። ደንቡ አንድ መሆኑ በሀገር አቀፍ ውድድር ከየክልሉ የሚመጡትን ያገናኛል። በዚያው ልክ የየአካባቢው አበላል ከውድድሩ ውጪ ቀርቷል። እኔ ሁለቱም ቢጻፉ ደስ ይለኛል።

በመካከለኛው እስያ የገበጣ ዘመድ አለ። ካዛኮች ቶግዝኩማላክ፣ ኪርጊዞች ቶጉዝ ኮርጎል ይሉታል። 18 ጉድጓድ አለው፣ ግን በሁለት ረድፍ ነው፤ በየጉድጓዱም 9 ጠጠር ይገባል፣ በጠቅላላው 162። ካዛክስታን፣ ኪርጊስታንና ቱርክ በጋራ አቅርበውት እ.ኤ.አ. በ2020 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስነት ተመዝግቧል። እኛም እነ መስቀልን፣ ፍቼ ጫምባላላን፣ ገዳንና ጥምቀትን አስመዝግበናል። ባለ ሦስት ረድፉ ገበጣ ከእነሱ ጎን መሰለፍ የሚያንሰው ጨዋታ አይደለም።

በሀገር አቀፉ የባህል ስፖርቶች ውድድርና ፌስቲቫል ላይ ገበጣ በወንዶችም በሴቶችም ይካሄዳል።