ሚኒሞ የማይይዝ ሞተርና የታይሚንግ ማስተካከያው

የቤንዚን ሞተር ነዳጅ ሳይረገጥ በራሱ ሲዞር ሚኒሞ ላይ ነው ይባላል። አብዛኞቹ የቤት መኪናዎች ከሞቁ በኋላ በደቂቃ ከ600 እስከ 900 ዙር ላይ ይረጋጋሉ። ፍጥነቱ ከፍ ዝቅ ካለ፣ መኪናው ከተንቀጠቀጠ ወይም መብራት ላይ ሲቆም ድርግም ብሎ ከጠፋ ሚኒሞው ተዛብቷል።

ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ ቶሎ ብሎ ታይሚንግን፣ ማለትም እሳቱ ለሲሊንደሩ የሚሰጥበትን ጊዜ፣ ይጠረጥራል። ታይሚንግ ግን ሰው ካልነካው፣ ክፍሉ ካላረጀ ወይም ብሎኑ ካልላላ ዝም ብሎ አይንሸራተትም። የአየር ሽንቁር ያለበትን ሞተር ዲስትሪቢዩተሩን (እሳቱን ለየሲሊንደሩ የሚያከፋፍለውን ክፍል) በማዞር ለጊዜው ዝም ማሰኘት ይቻላል። ሽንቁሩ ግን እዚያው አለ፤ ዳገት ላይ ደግሞ ሌላ ጣጣ ይዞ ይመጣል። ስለዚህ ምርመራው ይቀድማል።

መጀመሪያ የአር.ፒ.ኤም (በደቂቃ የሚዞረውን ዙር የሚያሳየውን) ቀስት ማየት ነው። ቀስቱ ረግቶ መሪውና ወንበሩ ብቻ ከተንቀጠቀጡ ሞተሩ በደንብ እየሠራ ይሆናል፤ ያረጀው ሞተሩን የተሸከመው ጎማ ነው። ቀስቱም አብሮ ከዘለለ ምቱን ማዳመጥ ይጠቅማል። አንድ ሲሊንደር በየሁለቱ የክራንክ (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋና ዘንግ) ዙር አንዴ ይተኩሳል። በ800 ዙር ይህ በደቂቃ 400 ጊዜ ነው። ከአራቱ አንዱ ሲሞት ንቅጥቅጡ ወጥ የሆነ ምት አለው። ወጥነት የሌለው፣ ወጣ ወረድ የሚል ሚኒሞ ግን አብዛኛውን ጊዜ የአየርና የቤንዚን ሚዛን ችግር ነው።

የሞተውን ሲሊንደር ለመለየት የካንዴላ (በሲሊንደሩ ውስጥ እሳት የሚጭረው ክፍል) ገመዶችን አንድ በአንድ መንቀል የቆየ ዘዴ ነው። ሲነቀል የሞተሩ ፍጥነት ያልወረደበት፣ ጥፋተኛው እሱ ነው። እዚህ ላይ ቀልድ የለም፤ ገመዱ ውስጥ ከ20 ሺህ ቮልት በላይ ሊኖር ስለሚችል በባዶ እጅ አይነካም። ካታላይዘር (የጭስ ማጣሪያ) ባለው መኪና ደግሞ ያልነደደው ቤንዚን ካታላይዘሩን ያቃጥላል። ስለዚህ ዘመናዊ ሞተር ላይ የኢንጀክተሩን (ቤንዚን የሚረጨውን ክፍል) ሶኬት መንቀል ይመረጣል።

የወጣ ካንዴላ ብዙ ይናገራል። ጫፉ ግራጫ ወይም ፈዘዝ ያለ ቡናማ ከሆነ ጤና ነው። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ቤንዚን መብዛቱን ያሳያል። ዘይት የጠጣ ከሆነ የፒስተን ፋሻዎቹን ወይም የቫልቭ ጎማዎቹን ማየት ነው። ነጭ ሆኖ የቆሰለ ሲሆን ሞተሩ ከልክ በላይ ሞቋል፤ ወይ ቤንዚን አንሶታል ወይ እሳቱ ቀድሞበታል።

የአየር ሽንቁር የሚኒሞ ዋና ጠላት ነው። ሚኒሞ ላይ ስሮትሉ (የአየር መግቢያው በር) ተዘግቷል ለማለት ይቻላል፤ የሚገባው አየር ጥቂት ነው። በዚያ ጥቂት ላይ በተሰነጠቀ የላስቲክ ቱቦ የሚጨመረው ብዙ ነው። ነዳጅ ሲረገጥ ግን ድርሻው ስለሚያንስ ሞተሩ የዳነ ይመስላል። በቱቦዎቹና አየሩን ለሲሊንደሮቹ በሚያከፋፍለው ማኒፎልድ ጠርዝ ላይ ውሃ በትንሹ ሲረጭ ድምፁ ከተለወጠ ቦታው ተገኘ ማለት ነው። ኮምፒዩተር ያለው መኪና ፒ0171 የሚለውን ኮድ ካወጣ ጥርጣሬው ይጠነክራል፤ ፒ0300 ደግሞ ሲሊንደሮች እሳት እየሳቱ መሆኑን ይናገራል። የቆሸሸ ስሮትል፣ የተጣበቀ የሚኒሞ ቫልቭና የወረደ ኮምፕረሽንም (የሲሊንደር ግፊት) መታየት አለባቸው።

ይህ ሁሉ ተጣርቶ ነው ወደ ታይሚንግ የሚኬደው። ቤንዚን በቅጽበት አይነድም። ስለዚህ ፒስተኑ ላይኛው ጫፍ ከመድረሱ ጥቂት ዲግሪ ቀድሞ እሳት ይሰጠዋል። በ800 ዙር አንድ የክራንክ ዙር 75 ሚሊ ሰከንድ ይፈጃል፤ በ3000 ዙር 20 ብቻ። ፍጥነት ሲጨምር እሳቱም መቅደም ያለበት ለዚህ ነው። ከልክ በላይ ሲቀድም ሞተሩ ጭነት ላይ ያንኳኳል፣ ሲነሳም ወደ ኋላ ይመታል። ሲዘገይ ጉልበት ያጣል፣ ይግላል።

እ.ኤ.አ. ከ1908 እስከ 1927 በተመረተው ፎርድ ሞዴል ቲ ላይ ይህን ሥራ የሚሠራው ሾፌሩ ነበር፤ ከመሪው በስተግራ ባለ ማንሻ። ቻርልስ ኬተሪንግ የሠራው በባትሪና በፑንቲና (የኤሌክትሪኩን መንገድ በሚከፍትና በሚዘጋ ትንሽ መገናኛ) የሚሠራ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1910 ካዲላክ ላይ ገባ። ከዚያ በኋላ ያሉት አሥርት ዓመታት የዲስትሪቢዩተር ዘመን ናቸው ቢባል ማጋነን አይደለም። ዲስትሪቢዩተሩ በክራንኩ ግማሽ ፍጥነት ይዞራል። ውስጡ ያሉት ክብደቶች ፍጥነት ሲጨምር በስፕሪንግ ላይ ተዘርግተው እሳቱን ያስቀድማሉ። ከጎኑ ያለው ዲያፍራም ደግሞ የማኒፎልዱን አየር የመሳብ ኃይል ተከትሎ በጭነት ልክ ያስተካክላል። ያለ አንዲት ቺፕ! የዲያፍራሙ ቱቦ ከስሮትሉ በላይ ይሰካ ወይስ በቀጥታ ማኒፎልዱ ላይ በሚለው ክርክሩ እስከ ዛሬ አልበረደም። ለተራ መኪና ግን አምራቹ የሰካበት ቦታ ትክክል ነው። ክራይስለር እ.ኤ.አ. በ1973 የአሜሪካ ሞዴሎቹ ላይ ኤሌክትሮኒክ ኢግኒሽን መደበኛ ሲያደርግ የፑንቲና ዘመን ማክተም ጀመረ። ዛሬ በአዳዲስ መኪናዎች ላይ ዲስትሪቢዩተሩ ራሱ ቀርቷል፤ የሚዞር ነገር የለም።

ዲስትሪቢዩተር ላለው ሞተር ቅደም ተከተሉ አይገለበጥም። ፑንቲና ካለው ክፍተቱ ይቀድማል፤ ብዙ ጊዜ 0.4 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ክፍተቱ ሲነካ ታይሚንጉም አብሮ ይንቀሳቀሳል። ከዚያ ሞተሩ ይሞቃል። የዲያፍራሙ ቱቦ ተነቅሎ እንዲደፈን የታዘዘ ከሆነ ይደፈናል። ቶዮታ 4ኤ-ኤፍኢ ላይ ደግሞ በምርመራ ሳጥኑ ውስጥ ቲኢ1 እና ኢ1 በሽቦ ይገናኛሉ፤ ካልተገናኙ ኮምፒዩተሩ ራሱ ታይሚንጉን እያንቀሳቀሰ ንባቡን ያበላሻል። የዚህ ሞተር ልክ 10 ዲግሪ ቀድሞ ነው። ለሌላው መመሪያውን ማየት ነው፤ ግምት አያዋጣም።

የክራንኩ ፑሊ ላይ ያለው ጭረት ተጠርጎ ጠመኔ ይቀባል። የታይሚንግ መብራቱ መቆንጠጫ በአንደኛው ሲሊንደር የካንዴላ ገመድ ላይ ይያዛል። መብራቱ በየብልጭታው ስለሚበራ የሚዞረው ፑሊ የቆመ ይመስላል፤ ነጩ ጭረትም ከዲግሪ ምልክቶቹ አጠገብ ይታያል። የዲስትሪቢዩተሩ ብሎን በትንሹ ይላላና አካሉ ይዞራል። ሮተሩ (በውስጡ የሚዞረው ክፍል) ከሚዞርበት በተቃራኒ ሲሄድ እሳቱ ይቀድማል፣ አብሮት ሲሄድ ይዘገያል። የአንዲት ጣት ግፊት ይበቃል። ሚኒሞው ከፍ ብሎ ከሆነ ክብደቶቹ መዘርጋት ጀምረው ንባቡን ያሳስታሉ፤ እሱ ይስተካከልና እንደገና ይታያል። የድሮ መካኒኮች በጆሮ ያስተካክሉታል የሚባለው እውነት ነው፤ ጎበዞቹ ከመብራቱ ብዙም አይርቁም። ብሎኑ ከጠበቀ በኋላም መብራቱ አንዴ ይመለስ፤ ሲጠብቅ ይዞራልና።

ጭረቱ አንድ ቦታ አልቆም ብሎ የሚጨፍር ከሆነ ማዞር ዋጋ የለውም። የዲስትሪቢዩተሩ ዘንግ ቡሽ (ዘንጉ የሚዞርበት ቀለበት) ተበልቷል ወይም የታይሚንግ ሰንሰለቱ ላልቷል። ክዳኑ ተነስቶ ሮተሩ ወደ ጎን ሲነቀነቅ የሚጫወት ከሆነ ቡሹ ነው። ካልሆነ ክራንኩ በእጅ ወዲያና ወዲህ ይዞራል፤ ሮተሩ ለመከተል ከዘገየ ሰንሰለቱ ይቀየራል።