ግሮውዝ ፋክተር ምንድን ነው?

«የስኳር ሕመምተኛን እግር የሚያድን ጄል ተገኝቷል፤ ሐኪሞቹ ግን አሁንም መቁረጥ ብቻ ነው የሚያውቁት።» ይህን አስተያየት ሰሞኑን ሦስት ቦታ አነበብኩት። ያናድደኛል፤ ምክንያቱም አምኖ እግሩን የሚያጣ ሰው አለ።

ጄሉ አዲስ አይደለም። ቤካፕለርሚን ይባላል፤ አሜሪካ የፈቀደችው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው። ውስጡ ያለው ግሮውዝ ፋክተር ራሱ ቁስል አይዘጋም። ሴሎችን «ኑ፣ ተባዙ፣ ሥሩ» ብሎ የሚጠራ ፕሮቲን ነው።

የእድር ጡሩምባ ነፊን አስቡት። ጎህ ሳይቀድ ሰፈሩን ይዞራል እንጂ ድንኳን አይተክልም። የሚተክለው ጥሪውን ሰምቶ የሚመጣው ሰው ነው። መንገዱ ከተዘጋስ? ወደ እግር የሚወርደው የደም ሥር ሲጠብ እንዲያ ነው፤ ቢነፋ ቢነፋ የሚደርስ የለም። ጡሩምባ ነፊው ራሱ መንገድ ላይ ከተደበደበስ? በከረመ የስኳር ቁስል ውስጥ ፕሮቲን የሚበሉ ኢንዛይሞች ይበዛሉ፤ ጥሪውን ሳይሰማ ያጠፉታል። ድንኳኑ ቢተከል እንኳ በየሰዓቱ የሚያፈርስ ካለ ከንቱ ነው። አፍራሹ ቁስሉን የሚረግጠው እያንዳንዱ እርምጃ ነው።

ሰው የሚዘነጋው ይህን የመጨረሻውን ነው። ነርቩ የደነዘዘ እግር አያምም። አንድ አባት ልጃቸው ከአሜሪካ የላከችላቸውን ጄል ሳያዛንፉ ይቀቡ ነበር። ቀብተው፣ በፋሻ ጠቅልለው፣ በዚያው ጫማ ወደ ሥራ። የጫማቸውን ውስጥ ስዳብስ የሚስማር ጫፍ ጣቴን ወጋኝ። እሳቸው አልተሰማቸውም።

በዋናው ጥናት በ20 ሳምንት ውስጥ ጄሉን ከተቀቡት ቁስላቸው የተዘጋው 50 በመቶ ናቸው። መድኃኒት የሌለበት ጄል ከተቀቡትም 35 በመቶ ድነዋል። ልዩነቱ እውነተኛ ነው፤ አላጣጥለውም። ግን ስለ 35ቱ ማን ያወራል? ለሁለቱም ወገን የሞተው ሥጋ ይነሳ፣ ቁስሉ ላይ እንዳይረግጡም ይደረግ ነበር። ኩባ ውስጥ ቁስሉ ላይ የሚወጋው መርፌም ሌላ ግሮውዝ ፋክተር ነው፤ ያው ጥሪ ነው።

ደግሞ ጄሉ ፍሪጅ ይፈልጋል። ካንሰር ያለበት ቦታ አይቀባም። መመርመሪያው ብረት ቁስሉ ውስጥ ገብቶ አጥንት ከነካ፣ ቀድሞ የሚታሰበው የአጥንት ኢንፌክሽን ነው።

የእኚያን ሚስማር የወጋቸውን አባት የእግር ትርታ ዳሰስኩ፤ ደህና ይመታል። ጄሉን አቆምንና ክብደታቸው ቁስሉ ላይ እንዳያርፍ እግራቸውን እስከ ጉልበት ጄሶ ውስጥ አስገባነው። ለሥጋ ደዌ ታካሚዎች ሲሠራበት የኖረ ዘዴ ነው። በየሳምንቱ እየከፈትን፣ እያጸዳን፣ መልሰን እየጠቀለልን በስምንተኛው ሳምንት ቁስሉ ተዘጋ።