«ለፒና ለኪው ተጠንቀቅ»፦ የአንድ የእንግሊዝኛ አባባል ትርጉምና አመጣጥ

እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች «ማይንድ ዮር ፒዝ ኤንድ ኪውዝ» የሚሉት አባባል ቃል በቃል ሲፈታ «ለፒና ለኪው ፊደሎችህ ተጠንቀቅ» ማለት ነው፤ የሚነገረው ግን ስለ ፊደል አይደለም። እናት እንግዳ ሊመጣ ሲል ልጇን አደብ እንዲገዛ የምታሳስብበት፣ አዲስ ተቀጣሪም የበላይ ኃላፊው በሚገኝበት ስብሰባ አነጋገሩን እንዲያርም ባልደረባው ጠጋ ብሎ የሚነግርበት ቃል ነው። ጥቂት ፈገግታ ስለማይለየው ከቁጣም ከዛቻም አይቆጠርም፤ በጽሑፍ ለሚሰጥ ማስጠንቀቂያም አይመችም። ከጠባይ ባሻገር ደግሞ ሥራን ሳያዛንፉ፣ ጥቃቅኑንም ሳይንቁ መሥራትን ሊያመለክት ይችላል።

ከ26ቱ የእንግሊዝኛ ፊደላት እነዚህ ሁለቱ ለምን ተመረጡ ለሚለው ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ብዙ ነው፤ ከሁሉም በላይ የሚተረከው የመጠጥ ቤቱ ታሪክ ነው። በዚህ ትረካ መሠረት የእንግሊዝ መጠጥ ቤት ባለቤቶች ደንበኛው በዱቤ የጠጣውን ቢራ በሰሌዳ ላይ ሲመዘግቡ ፓይንት ለተባለው የመጠጥ መስፈሪያ ፒ፣ ኳርት ለተባለው ደግሞ ኪው ይጽፉ ነበር፤ አንድ ኳርት ሁለት ፓይንት ስለሆነም የአንዲት ፊደል ስሕተት የጠጪውን ዕዳ እጥፍ ታደርገው ነበር። ትረካው ይጥማል፤ እኔ ግን ጣዕሙ ራሱ ያጠራጥረኛል። ሳሙኤል ሮውላንድስ የተባለው እንግሊዛዊ ጸሐፊ እ.ኤ.አ. በ1612 ባሳተመው ግጥም አንድ ጠጪ አንድ ኳርት የማላጋ ወይን ሲያዝ መጠጡ «ፒ ኤንድ ኪው» እንዲሆን ያስጠነቅቃል። እዚህ ላይ ኳርትም መጠጥም አሉ፤ ሰውየው የሚጠይቀው ግን የመጠጡን ምርጥነት እንጂ የሂሳቡን ትክክለኛነት አይደለም።

የማተሚያ ቤቱ መላምት ከዚህ የተሻለ ክብደት አለው። ፊደል በእጅ እየተለቀመ ይታተም በነበረበት ዘመን እያንዳንዱ ፊደል የሚቀረጸው በአንዲት ትንሽ የብረት ዘንግ ጫፍ ላይ ነበር፤ ቀለም ተቀብቶ ወረቀቱ ላይ ሲያርፍ በትክክል እንዲነበብም ቅርጹ በመስታወት እንደሚታይ መልክ ግራና ቀኙን ቀይሮ ይሠራ ነበር። ትንሹ ፒ ወደ ታች የሚወርድ ቀጥ ያለ እግርና በስተቀኙ የተለጠፈ ክብ ሆድ አለው፤ የትንሹ ኪው ሆድ ደግሞ በስተግራ ነው። ስለዚህ ፊደል ለቃሚው በሁለት ጣቱ የያዘው የብረት ፒ ለዓይኑ ኪው መስሎ ይታየዋል። ሥራው አልቆ ፊደላቱ ወደየሣጥናቸው ሲመለሱ አንዱ በሌላው ቤት ቢገባ፣ ስሕተቱ የሚወጣው ሣጥኑን ተማምኖ በሚቀጥለው ሥራ ላይ እጁን በሚሰድ ሰው ላይ ነው። እንግዲህ ተለማማጁን «ፒና ኪውን ለይ» ማለት ተገቢ ምክር ይመስላል። ሆኖም ቢና ዲም በዚሁ መንገድ ይምታታሉ፤ በዚያ ላይ ኪው በእንግሊዝኛ ጽሑፍ እጅግ አልፎ አልፎ ከሚገኙት ፊደላት አንዱ ሲሆን፣ በሚገኝበትም ቃል ከጥቂቶች በስተቀር ዩን አስከትሎ ነው። ማስጠንቀቂያው የተወለደው በማተሚያ ቤት ቢሆን ኖሮ በየመስመሩ ስለሚደጋገሙት ስለ ቢና ስለ ዲ በተነገረ ነበር።

ሁለት ሌሎች ግምቶች ለማንሳት ያህል እንጂ ብዙ የሚያቆዩ አይደሉም። አንደኛው ፈረንሳዊ የጭፈራ መምህር ተማሪዎቹን ለእግራቸውና ለሰው ሠራሽ ጸጉራቸው ጅራት እንዲጠነቀቁ ሲነግር፣ እግርና ጅራት በፈረንሳይኛ ያላቸው ድምፅ ወደ ፒና ኪው ተለወጠ ይላል። ሁለተኛው «ፕሊዝ» እና «ታንክ ዩ» የሚሉት የትሕትና ቃላት በልጆች አፍ አጥረው የቀሩ ናቸው ይላል፤ ይህ አባባሉ ዛሬ ለልጆች ከሚነገርበት ሁኔታ ጋር ስለሚገጥም ብቻ የተወደደ ይመስለኛል።

ለእኔ ሚዛን የሚደፋው ብዙም የማይወራለት ግምት ነው፤ እርሱም አባባሉ ፊደል ከሚቆጥር ልጅ የመጣ ነው የሚለው ነው። በእንግሊዝኛ ፊደል ተራ ፒ 16ኛ፣ ኪው 17ኛ ናቸው፤ ልጁ ሁለቱን በአንድ ትንፋሽ አከታትሎ ይጠራቸዋል፣ ቅርጻቸውም እርስ በርሱ የመስታወት መልክ ነው። በቢና በዲ መካከል ግን ሲ ስላለ እንዲህ ጎን ለጎን አይወድቁም፤ በማተሚያ ቤቱ መላምት ላይ የተነሣው ጥያቄ እዚህ መልስ ያገኛል። ባለቅኔው ቻርልስ ቸርችልም በ1760ዎቹ በጻፈው የስላቅ ግጥም ከከንቲባው ወንበር አጠገብ የሚቆም አገልጋይ ጌታውን ኤና ቢን፣ ፒና ኪውን እንዴት እንደሚጠቀምባቸው እንደሚያስተምረው ይናገራል። ፒና ኪው ከኤና ቢ ጋር አብረው መጠራታቸው በዚያ ዘመን አንባቢ ዘንድ የመጀመሪያ ትምህርት ምልክት እንደነበሩ ያሳያል፤ ስላቁም የሚያርፈው እዚያው ላይ ነው፣ ከንቲባ ሆኖ እንደ ሕፃን ፊደል ይቆጠርለታልና። የ1612ቱ «ፒ ኤንድ ኪው» በአንጻሩ ስለ ጥራት የተነገረ የተለየ አነጋገር ሆኖ በኋላ በድምፅ መመሳሰል ብቻ ከዚህኛው ጋር የተቀላቀለ ሊሆን ይችላል።