ሰዓቱ «95 ፐርሰንት ትክክል ነው» ሲባል ምን ማለት ነው?

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ጎረቤቴ የሆኑ እትዬ ልጃቸው ከውጭ የላከላቸው ስማርት ሰዓት «የልብ ምትዎ ተዛብቷል» ብሎ የልጅ ልጃቸው ስታነብላቸው ሌሊቱን ሙሉ ሳይተኙ አደሩ፣ ጠዋት «95 ፐርሰንት ትክክል ነው ተብሏል እኮ፣ በቃ 95 ፐርሰንት ታምሜያለሁ» ይሉኛል። ኧረ አይደለም እትዬ! ግን አይፈረድባቸውም፣ አባባሉ ራሱ ያሳስታል።

እንዲህ እንየው፣ 1000 ሰው ሰዓቱን አሰረ እንበል፣ በሽታው ያለባቸው 20 ብቻ ናቸው። ሰዓቱ ከ20ዎቹ 19ኙን ይይዛል፣ ጎበዝ ነው። ከ980ዎቹ ጤነኞች ግን 5 ፐርሰንቱን «ታማችኋል» ይላል፣ እሱ ደግሞ 49 ሰው ነው። ስለዚህ ማስጠንቀቂያ ከደረሳቸው 68 ሰዎች የምር የታመሙት 19 ናቸው፣ ሲሶ እንኳን አይሞሉም! በሽታው ብርቅ በሆነ ቁጥር የውሸት ማስጠንቀቂያው ይበዛል፣ ማሽን ለርኒንጉ (ከብዙ ሰው መረጃ ተምሮ የልብ ምቱን የሚለየው የሰዓቱ ፕሮግራም) ሰነፍ ስለሆነ አይደለም፣ ሂሳቡ ነው።

ሴንሰሩም የራሱ ጣጣ አለው፣ አረንጓዴ መብራት ቆዳ ላይ አብርቶ ከሚመለሰው ብርሃን ነው የደም ፍሰቱን የሚገምተው፣ እጅ ሲወዛወዝ ወይ ሰዓቱ ሲላላ (ታክሲ ውስጥ ኮሮኮንች መንገድ ላይ አስቡት) ይደናገራል። ሐኪም ጋ ያለው ኢሲጂ ግን የልብን ኤሌክትሪክ ነው የሚለካው።

እና ዝም ይባል? አይ፣ ማስጠንቀቂያው «ተመርመሩ» ማለት ነው እንጂ «ታማችኋል» ማለት አይደለም። ደረት ካመመ ወይም ራስን ከሳቱ ደግሞ ሰዓቱ ምንም ባይልም ቶሎ ሆስፒታል ነው።